የታንኳው ውርስ፦ ቴዎድሮስ፣ ዓለማየሁና ውሃ በአማርኛ ድርሰት

በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ብዙ ነገር አለ። ርስት ያወርሳል፤ ጠመንጃ ያወርሳል፤ ስም፣ ቂም፣ ሃይማኖት ያወርሳል። አልፎ አልፎ ስለትም ያወርሳል፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በዛብህ ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመው ወላጆቹ የተሳሉትን ስለት ነው። ውሃን የሚያወርስ አባት ግን፣ ማለትም ልጁን ታንኳ ላይ አስቀምጦ መቅዘፊያውን የሚያስይዝና ይህን በማድረጉ ልቡ የሚሞላ ወላጅ፣ እስካሁን ባነበብኋቸው ልቦለዶች ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ አልገጠመኝም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ክፍተት ነው። ክፍተቱንም የምመረምረው ከመተማና ከቋራ ቆላ ተነሥቼ ነው። ባሕር ከማይታይበት ቆላ ተነሥቶ ስለ ታንኳ መጻፍ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በታሪካችን ከታወቁት አባቶች መካከል ስለ መርከብ አብዝቶ ያለመው የዚሁ ቆላ ልጅ ነበር።

«ባሕር የለንም» የሚለው የተለመደ መልስ አያረካኝም። ሀገሪቱ ምጽዋና አሰብ በነበሯት ዘመን የባሕር ኃይልም የንግድ መርከብም ነበራት፤ ለወራት ከቤቱ የሚርቅ መርከበኛም ነበር። ያም ሆኖ የመርከበኛ ቤት፣ አባቱ ሲመለስ ስለ ማዕበል የሚሰማ ጎረምሳ፣ በልቦለዳችን ሥር አልሰደደም። እንግዲህ ጉዳዩ የመልክዐ ምድር ብቻ አይደለም፤ የአመለካከትም ነው። በድርሰታችን ውሃ በአብዛኛው መሻገሪያ እንጂ መንገድ አይደለም። በዛብህ ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ወንዙ ለሱ ሁለት ሕይወት የሚለያዩበት ድንበር ነው፤ በወንዙ ላይ የሚኖር ሰው መኖር አለመኖሩ ለሴራው ጉዳዩ አይደለም። በሥነ ቃላችን ደግሞ ውሃ እያሳሳቀ የሚወስድ አታላይ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙውን ጊዜ በሀብት መካከል ስላለ ችግር ይጠቀሳል። እኔ ግን ቃል በቃል ላነበው እወዳለሁ። ዓባይ በዚህ አነጋገር አባት ነው፤ ልጅ አለው፤ ልጁም ከአባቱ የወረሰው ነገር የለም።

መተማን በጽሑፍ የምናውቃት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት መሆኗ ነው፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ሁለተኛው ድንበርነቷ ነው፤ ማዶ ገላባት አለ። ሞትና ድንበር ከተነሡ በኋላ ለወንዝ የሚተርፍ ገጽ ብዙ አይደለም። ወንዞቹ ግን ትኩረት የሚነፈጋቸው አይደሉም። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ እስከ ዓባይ ይዘልቃል፤ ሽንፋም በታችኛው ጉዞው ራሃድ ይባላል። ሁለቱም በበጋ እየቀጠኑ ወደ ተቆራረጡ ኩሬዎች የሚለወጡ፣ በክረምት ደግሞ ማንንም የማያሳልፉ ወንዞች ናቸው። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በሰኔ 1853 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1861) በሱዳን በኩል አትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ደረቅ አሸዋ የነበረው የወንዝ አልጋ በአንድ ሌሊት ሙሉ ወንዝ ሆኖ ሲያድር አይቶ ጽፏል። ውሃው እሱ ከሰፈረበት በረሃ የዘነበ አልነበረም፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነበር።

ስለዚሁ ቆላ በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። ሽንፋ-መተማ 1 ተብሎ በተሰየመው ስፍራ፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ያሳያል። ከፍንዳታው በኋላ አየሩ ይበልጥ ሲደርቅ ከምግባቸው የዓሣው ድርሻ ጨምሯል፤ የሚያጠምዱትም በበጋ እየጠበቡ ከሚሄዱት ኩሬዎች ነበር። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያሉ ወቅታዊ ወንዞች ሰው ከአፍሪካ የወጣባቸው «ሰማያዊ አውራ ጎዳናዎች» ሊሆኑ ይችላሉ ይላሉ። ይህ የአርኪዮሎጂ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ማስረጃ አይደለም፤ ይሁንና ለሐያሲ አንድ ነገር ያስታውሰዋል። በየዓመቱ የሚጠፋን ወንዝ ማውረስ አይቻልም። ሊወረስ የሚችለው የትኛው ኩሬ እስከ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ዓሣው የት እንደሚሸሸግ ማወቅ ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ይህን ለልጁ ያሳየ ሰው ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው ትውልድ ባልበላ ነበር።

ወደ ቋራ እንለፍ። ቋራ ዛሬ ከመተማ ጋር በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ያለ ወረዳ ነው። ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በድርሰታችን ከዚህ ቆላ የሚወጣው እንደ ሽፍታና እንደ አንበሳ ነው። በመድረክም በልቦለድም ገንነው የሚታዩት ሴባስቶፖልና መቅደላ ናቸው፤ የመድፉ መጎተትና የመጨረሻው ጥይት። ንጉሠ ነገሥቱ በጣና ዳር የሠሯቸው ታንኳዎች ግን ሴራ የሚሸከም ትእምርት ሆነው አላገኘኋቸውም።

ታንኳዎቹ ግን ነበሩ። ከንጉሡ እስረኞች አንዱ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ ከእስር ተፈትቶ እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቴዎድሮስ በጣና ላይ የእንፋሎት መርከብ አምሳያ ለመሥራት መሞከራቸውን ይተርካል። አካሉ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል፣ ወለሉ ከእንጨት ሆኖ፣ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ተገጥሞለት ነበር። ዘመኑ 1858 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አለቃ ዘነብ በአማርኛ የጻፉት ዜና መዋዕል ከዚያ ቀድሞ ስለሚያበቃ ነገሩን ከሳቸው ልናገኘው አንችልም። የሀገር ተራኪ ሳይደርስበት በእስረኛ ብዕር የተመዘገበ መሆኑ ለድርሰታችን የራሱ ጣጣ አለው፤ ብላንክ ሁኔታውን የሚያየው እንደ አንድ ግራ የገባው ንጉሥ ጨዋታ ነውና።

እኔ ጨዋታ አድርጌ አላየውም። ሴባስቶፖልና ታንኳውን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይጠቅማል። ሴባስቶፖል የውጭ ሀገር ሰዎች በጋፋት በትእዛዝ ያቀለጡት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ዳገት ለዳገት የጎተተው ሸክም ነው። ታንኳው ግን የሀገሬው ደንገልና የሩቅ ሀገር ሐሳብ የተጋቡበት ነው፤ ውሃው ራሱ ይሸከመዋል። ዓላማው የጦር መሆኑን አልክድም፤ ቴዎድሮስ ለሽርሽር የሚሆን ጊዜ አልነበራቸውም። ነገር ግን ከደራቁ ወንዞች ሀገር የመጣ ሰው ሐይቅ ዳር ቆሞ መንኮራኩር ያለው መርከብ ማሰቡ፣ ደራሲ ሊያልፈው የማይገባ የገጸ ባሕርይ ምስክር ነው። የአቤ ጉበኛ ልቦለድ ርእስ «አንድ ለናቱ» (1961 ዓ.ም.) ነው። ርእሱ ብቻውን ቴዎድሮስን ልጅ ያደርጋቸዋል፤ የእናት ልጅ። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» (1958 ዓ.ም.) ርእስም ዐይናችንን ወደ ንጉሡ ኀዘን ይመልሳል። ቴዎድሮስን እንደ ልጅ፣ እንደ ባል፣ እንደ ንጉሥ ደጋግመን አንብበናቸዋል። እንደ አባት ያነበብናቸው ጥቂት ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ ልጁ ከመጽሐፉ መጨረሻ በኋላ ስለሚጀምር ይመስለኛል።

ዓለማየሁ የተወለደው በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ነው። (ቤከር የአትባራን ጎርፍ ካየበት ሌሊት ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ መሆኑ እንዲያው የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።) አባቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ሰባት ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በግንቦት በመንገድ ዐረፉ። ልጁ ዙላ ላይ «ፌሮዝ» በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ተሳፍሮ ወጣ። ሞግዚቱ ሻምበል ትሪስትራም ስፒዲ፣ የኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት፣ ቀደም ሲል ራሱ በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ ነበር። እንግሊዝ፣ ከዚያ ህንድ፣ ከዚያ እንደገና እንግሊዝ። ከዚያ የቼልተንሃምና የራግቢ ትምህርት ቤቶች፣ በመጨረሻም የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። በኅዳር 1872 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1879) በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረው በዊንድሰር ነው። አፅሙ ወደ ሀገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም።

ስለ ዓለማየሁ የሚጻፈው ሁሉ ሙሾ ነው፤ ሙሾ መሆኑም አያስወቅስም። የሚቆጨኝ ሙሾው ልጁን የሰባት ዓመት ሕፃን አድርጎ ማስቀረቱ ነው። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ፎቶ አንሺ በ1860 ዓ.ም. ያነሣችው ፊት ከዚያ ወዲህ አልጎረመሰም። ታሪኩ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ይህ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቀይ ባሕርን፣ ሜዲትራኒያንንና የሕንድ ውቅያኖስን ያየ ሀበሻ ነበር። በዘመኑ ከሀገሩ ሰዎች ስንቱ ይህን ያህል በመርከብ ተጉዟል? አባቱ በደንገልና በመንኮራኩር የፈለጉትን ነገር ልጁ በብረትና በእንፋሎት አገኘው። ነገር ግን ባሕርን ያወረሰው አባቱ አይደለም፤ የአባቱ ማራኪ ነው። ለሱ መርከብ ማለት ከእናቱ መቃብር የሚያርቅ ነገር ነው። ውርሱ ደርሶታል፤ ፍቅሩ ግን በመንገድ ቀርቷል። የዓለማየሁ ጥልቅ ሐዘን ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሙሾው ግን እስካሁን ከዙላ ወደብ አላለፈም።

ውሃን ለልጅ የሚያስተምረው ባዕድ መሆኑ በዓለማየሁ ብቻ የታየ አይደለም። አንባቢዎቻችን በሚገባ የሚያውቁት መጽሐፈ ጦቢት አለ። ጦቢት ዐይኑ ጠፍቶ ቤት ይቀመጣል፤ ልጁን መክሮ ይልከዋል። ልጁ ከጤግሮስ ወንዝ ዳር ዓሣ ሲወረወርበት «ያዘው» የሚለው አባቱ ሳይሆን መንገደኛ መስሎ የተከተለው መልአኩ ሩፋኤል ነው። በሄሚንግዌይ ስለ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅና ስለ ባሕሩ በተጻፈው አጭር ልቦለድ (እ.ኤ.አ. 1952) ደግሞ የልጁ የማኖሊን ወላጆች ጭራሽ እንቅፋት ናቸው፤ ሽማግሌው ዕድል የራቀው ነው ብለው ልጁን ከታንኳው አስወርደው ሌላ ታንኳ ላይ ያስቀጥሩታል። በሁለቱም ድርሰቶች አባት የየብስ ሰው ነው። ልዩነታቸው ግን ለኛ ጉዳይ ወሳኝ ነው። የጦቢት ልጅ የዓሣውን ሐሞት ይዞ ይመለሳል፤ የአባቱም ዐይን በዚያ ይበራል። ውሃው ወደ አባት ተመልሶ ይፈሳል። ማኖሊንም ማታ ማታ ወደ ሽማግሌው ጎጆ እየመጣ ዕቃ ይሸከማል፣ ምግብ ያመጣል። ስለ ባሕር ፍቅር የሚናገር ስብከት በመጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ፍቅሩ የሚተላለፈው በገመድ ጥቅልልና በቡና ስኒ ነው። ዓለማየሁ ግን የሚመለስበት ዐይነ ስውር አባት እንኳ አልነበረውም።

እስካሁን ያልሁት አባትና ልጅ በውሃ ላይ የተገናኙበት ቦታ በሀገራችን የለም የሚያሰኝ ከሆነ ስሕተት ይሆናል። ቴዎድሮስ ደንገሉን የወሰዱበት ጣና ራሱ ምስክር ነው። በዚያ የሚኖሩት ወይጦዎች ታንኳ ሠሪዎች ናቸው፤ ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ በነዶ በነዶ ያስራሉ። ታንኳው በረጅም ዘንግ እየተገፋ ሰውም፣ ማገዶም፣ እህልም ያመላልሳል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ችስማን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶቹን ያጠናው በዚሁ ታንኳ እየተጓዘ ነው። «አንድ ለናቱ» በታተመበት በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል «ራ» የተባለችውን የደንገል ጀልባ አትላንቲክ ላይ አንሳፈፈ፤ ደንገሉ የጣና ነበር። እኛ ስለ ቴዎድሮስ ልቦለድ ስናነብ የቴዎድሮስ ደንገል ውቅያኖስ ላይ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ወደ ድርሰት አልገባም? አንዱ ምክንያት የታወቀ ነው፤ የእጅ ሥራን የሚንቅ ኅብረተሰብ ሸማኔውን፣ ጠይቡን፣ ሸክላ ሠሪዋን እንዳገለለ ሁሉ ወይጦንም አግልሏል። የተገለለ ሰው በልቦለድ አባት አይሆንም፤ ቢበዛ መንገደኛ አሻጋሪ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ያሳስበኛል፤ የሥነ ጽሑፍ ምክንያት ነውና። የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ውሃ ጠጥቶ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይበሰብሳል። ርስት ይቆያል፤ ጠመንጃ ተወልውሎ ይሰቀላል፤ ጎራዴ በልጅ ልጅ ወገብ ላይ ይታያል። ልቦለዳችን ውርስን የሚያውቀው በዕቃና በመሬት ነው፤ ሴራውም የሚተሳሰረው ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ነው። ታንኳን በዚህ መንገድ ማውረስ አይቻልም። አባትየው ለልጁ የሚተወው ታንኳውን አይደለም፤ ነገ ሌላ ታንኳ የሚሠራበትን እጅ ነው። የጓንግ ኩሬና የጣና ታንኳ በዚህ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ካልተደጋገሙ የሉም። ለድግግሞሽ ደግሞ የአማርኛ ልቦለድ ገና ቅርጽ አላበጀለትም።

የወይጦዎች የቀድሞ ቋንቋ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እንግዲህ አባት ልጁን ደንገል የሚያስመርጥበት፣ ነዶ የሚያስጠብቅበት፣ ነፋስ ሲለወጥ የሚያስጠነቅቅበት አፍ የኛው የትምህርት ክፍል አፍ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ሥነ ቃል ሊሰበስቡ ሲሄዱ ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ ሙሾና የሠርግ ዘፈን ይዘው ይመለሳሉ። ግጥም ያልሆነውን፣ በሥራ መካከል ከአባት ወደ ልጅ የሚወረወረውን ንግግር የሚመዘግብ ብዙ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኛም «ሥነ ቃል» ብለን የምናስተምረው ፍቺ ለሱ በር አይከፍትም። በጣና ላይ የሞተር ጀልባ በበዛ ቁጥር ደግሞ ያ ንግግር የሚሰማበት ጊዜ እያጠረ ይሄዳል።

ጉዳዩ የምሁራን ቅንጦት እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ መተማ ልመለስ። መተማ ባለፉት አሥርት ዓመታት ለብዙ ወጣት የስደት በር ሆናለች፤ ከመተማ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ ወደ ሊቢያ፣ ከዚያ ወደ ሜዲትራኒያን። በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2013) በላምፔዱዛ ደሴት አቅራቢያ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች ሲያልቁ አብዛኞቹ የጎረቤታችን የኤርትራ ልጆች ነበሩ፤ የኛም ወጣቶች በዚያው ባሕር ላይ አልቀዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሰው በዚያው በር በተቃራኒው አቅጣጫ እየሸሸ ገብቷል። የጓንግን አሸዋ እየረገጠ ያደገ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ባሕርን የሚያውቀው በደላላ አፍ ነው። ስለ ጀልባ ሚዛን፣ ስለ ማዕበል፣ ስለ ዋና የሚነግረው አባት የለውም። ዓለማየሁን ዙላ ላይ ያሳፈረው እጅ ስሙን ለውጦ አሁንም ያሳፍራል። ስደትን የሚተርኩ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎችም ባሕርን መቃብር ብቻ አድርገው ይስሉታል፤ መቃብር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሃን ከመቃብርነትና ከድንበርነት በቀር የማያውቅ ድርሰት ለዚህ ልጅ የሚጨምርለት ፍርሃት ብቻ ነው። ፍርሃት ደግሞ እንዳላስቆመው አይተናል።

ደራሲ ቢገኝ ነገሩ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ታንኳዎቹ በጣና ዳር ሲታሰሩ ዓለማየሁ ከእናቱ ጋር መቅደላ ላይ የሚያድግ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ከቆሮጣ እስከ መቅደላ ብዙ ቀን የሚያስጉዝ መንገድ ነው። አንድ ማታ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ስለ መንኮራኩሩ ቢነግሩትስ? በሁለት የደንገል ቁራጭና በአንድ ዘንግ ትንሽ ታንኳ አስረው ቢያሳዩትስ? ታሪክ ይህን አልመዘገበም፤ አይከለክልምም። የልቦለድ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ልጅ በ«ፌሮዝ» መርከብ ወለል ላይ ቆሞ የሚዞረውን ነገር ሲያይ ምን እንደሚል የሚጽፍልን ሰው እስኪገኝ ድረስ፣ የቴዎድሮስ ድርሰቶቻችን መቅደላ ላይ ማለቃቸውን ይቀጥላሉ።